ከልመና በፊት ምስጋና

የረቡዕ ጸሎታችን አንድ ሕግ አለው፤ ማንም ሴት ልመናዋን ከመናገሯ በፊት አንድ ምስጋና ትናገራለች። አንድ ይበቃል፣ ግን የራሷ መሆን አለበት። «ስለ ሰላማችን፣ ስለ ጤናችን» ብሎ በጅምላ ማመስገን አይፈቀድም። ሕጉን ያወጡት ቡድናችንን የሚመሩት አሮጊት ናቸው። ሁላችንም አማ እንላቸዋለን፤ በሀዲይኛም በከምባትኛም እናት ማለት ነው። ማንበብ አይችሉም፤ መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ግን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘው ይመጡና የንባብ ሰዓት ሲደርስ ለእኔ ያቀብሉኛል። አንዷ ገና ሳትቀመጥ ችግሯን መዘርዘር ከጀመረች እጃቸውን ያነሡና «ቆይ፣ መጀመሪያ የበላሽውን ንገሪን፤ የራበሽን በኋላ እንሰማለን» ይሏታል።

በዚህ ሕግ የእኔን ያህል ጎበዝ አልነበረም። አስተማሪ ነኝ፤ ሳልዘጋጅ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ሌሎቹ ተራቸው ሲደርስ ጣሪያ ጣሪያ እያዩ ምስጋና ሲፈልጉ፣ እኔ የሳምንቱን መርጬ፣ አሳምሬ እመጣለሁ። አንዳንዴ ሁለት ይዤ መጥቼ አንዱን ለሚቀጥለው ሳምንት አስተርፋለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ረቡዕ «ዛሬ የለኝም» ብዬ አላውቅም። ጉራ እንዳይመስልብኝ፤ የማወራው ስለ ጥፋቴ ነው።

ልምዱን ያዳበርኩት ከቤቴ እስከ ትምህርት ቤት ባለው መንገድ ላይ ነው። ሃያ ደቂቃ ያስኬዳል፤ በክረምት ጭቃው ጫማ ስለሚይዝ ሠላሳ ይሆናል። ባጃጅ እያለፈኝ በእግሬ እሄዳለሁ፣ እየሄድኩም እንደ ክፍል ስም ጥሪ በረከቶቼን አንድ በአንድ እጠራለሁ። ጤና፤ አለ። ደመወዝ፤ አለ፣ ዘግይቶም ቢሆን። ውሃ፤ ቀሪ። መብራት፤ ትናንት ቀሪ፣ ዛሬ አለ። የጓሮዬ እንሰት፤ አለ። እንዲህ እያልኩ እወርድና መጨረሻ ላይ ባለቤቴን እጠራለሁ። እሱን ግን «ቀሪ» ማለት ስለማልወድ «ፈቃድ» ብዬ አልፈዋለሁ። ያስተማረ ሰው ያውቀዋል፤ ፈቃድ የወሰደ ልጅ ከቀሪ አይቆጠርም፣ ይመለሳል ተብሎ ቦታው ይጠበቅለታል።

ይህ ልምድ ሐሰት ነበር አልልም። በጠዋት ተነሥቶ ሊያማርር የሚችል ሰው ላመስግን ብሎ ሲወስን ዓይኑ ይከፈታል። ጉም ከተማውን ሸፍኖት ከውስጡ የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ብቻ ሲሰማ ቆሜ ያዳመጥኩት፣ ፊደል አልገባ ብሏት የከረመች ተማሪዬ አንድ ማለዳ «ቲቸር፣ ሱቁ ላይ ምን እንደሚል አነበብኩት» ስትለኝ እንባዬ የመጣው፣ ምስጋና ስለምፈልግ ነው። ባልፈልገው ኖሮ ጭቃውን ብቻ እያየሁ አልፍ ነበር። ዛሬም ቢሆን ማመስገን ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። ጠባይ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ጠባዬ ቁጡ ነው፣ ተማሪዎቼን ጠይቁ።

ባለቤቴ ደቡብ አፍሪካ ከሄደ አሥራ ሁለት ዓመቱ ነው። ይህ በከተማችን በሆሳዕና ወሬ አይሆንም፤ ከየቤቱ አንድ ሰው እዚያ አለ ቢባል ብዙ ማጋነን አይደለም። እሱ የሀዲያ ልጅ ነው፣ እኔ የተወለድኩት ከአንጋጫ ወዲያ ከምባታ ውስጥ ነው። ኮሌጅ ስንማር ተዋወቅን። እኔ ሀዲይኛ እሰማለሁ፣ እሱም ከምባትኛ ይሰማል፤ ተዋደን የተጋባነው ግን በአማርኛ ነው። ለሁለታችንም ትምህርት ቤት የተማርነው ቋንቋ ስለሆነ ስንጣላ እንኳ ቃል እንመርጥ ነበር። እሱም እንደ እኔ አስተማሪ ነበር። አንድ ቀን ከክፍል መጥቶ እጁ ላይ ያለውን ጠመኔ ሳይታጠብ «ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቼ ልምጣ» አለኝ። ልጅ ገና አልነበረንም፤ ስትመለስ እንወልዳለን አልኩት።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በየሳምንቱ ይደውል ነበር። የሚሠራበት ሱቅ ያለው ከከተማ ወጣ ባለ የድሆች ሰፈር ነው። ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆሞ እየሸጠ ያወራኛል፤ በመካከል ዳቦ የሚገዛ ሲመጣ «ቆይኝ» ይልና የማላውቀው ቋንቋ ይናገራል፣ ከዚያ ወደ እኔ ይመለሳል። እኔም ቆሜ እጠብቃለሁ። በላከው ብር ቤት ሠራን፤ አምስት ክፍል፣ ትልቅ የብረት በር፣ ሰፊ ሳሎን። ቤቱ ሲያልቅ ስልኩ እየራቀ መጣ። ከሳምንት ወደ ወር፣ ከወር ወደ በዓል ሆነ። ባለፈው ዓመት ለገና ደወለ፤ ለፋሲካ አልደወለም፤ ከዚያም ክረምቱ ገባ።

እኔም አልጠየቅሁትም። «መቼ ትመጣለህ?» ያልኩት ስንት ዓመት እንደሆነው አላስታውስም። እምነት የጎደለው ጥያቄ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር ከተባለ መልሱን ፈርቼ ነው፤ ፍርሃቴን ግን እምነት ብዬ ጠራሁት፣ ሰውም እምነት ነው አለው። «እንዳንቺ ያለ ትዕግሥት ጌታ ይስጠን» ይሉኛል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ የሚለውን ተረት ለልጆች ሳስተምር ከጥቁር ሰሌዳው ፊቴን ቶሎ አላዞርም ነበር።

ከአምስቱ ክፍሎች የምኖረው በአንዱ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ያለው ሶፋ ከሱቅ እንደመጣ ፕላስቲኩ አልተነሣለትም፤ ባለቤቱ መጥቶ ይክፈተው ብዬ። ከሥራ መልስ ወጥ ቤት ገብቼ በርጩማ ላይ ተቀምጬ የተማሪዎች ደብተር አርማለሁ። የሥራ ቀን ደግ ነው፤ ሰባ ልጅ ሲጮህብኝ ይውላል። ቅዳሜ ከሰዓት ነው የሚያስቸግረኝ። ሰው ሁሉ ከገበያ ይመለሳል፣ በየግቢው ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፣ የእኔ የብረት በር ግን ዝም ይላል። በሩ ትልቅ ስለሆነ ነው መሰል ሰው ማንኳኳት ይፈራዋል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ይዤ ጎረቤት ከተማ ፎንቆ እሄድ ነበር። ፎንቆ ዘመድ የለኝም፤ የሚገዛውም ነገር ሆሳዕና አለ። የምሄደው ሚኒባሱ ስለሚሞላ ነው። ለሦስት በተሠራ ወንበር አራት ሆነን እንቀመጣለን፤ በአንድ ጎኔ ቅቤ የያዘች ሴት፣ በሌላ ጎኔ ዶሮ ያቀፈ ሽማግሌ ይጠጋኛል፤ መንገዱ ሲያንገጫግጨን ትከሻችን ይጋጫል። ያንን ትከሻ ፍለጋ ነበር የምሄደው። ሾፌሩ የሰፈራችን ሰው፣ ሙስሊም፣ ጨዋታ የሚያውቅ ነው። አንድ ቀን በመስታወቱ አየኝና «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ባዶ እጅሽን ሄደሽ ባዶ እጅሽን ትመለሻለሽ። ፎንቆ ምን አለሽ?» አለኝ። «አየሩ ይስማማኛል» አልኩት። ሳቀ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን አልጠየቀኝም። ይህንንም ረቡዕ «ስለ ቅዳሜ መንገዴ አመሰግናለሁ» ብዬ አቀረብኩት። ሴቶቹ አሜን አሉ፤ መንገዱ ወዴት እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀኝም።

ሰኔ ላይ ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ቀን ተኛሁ። ለትምህርት ቤቱ ስልክ ደውዬ ጉንፋን ነው አልኩ። ውሃ ለመቅዳት ከአልጋ ስወርድ ግድግዳ እየደገፍኩ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ብቅ ስል «ጠፋሽ እኮ» አሉኝ፤ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» አልኩ። ስለ መዳኔ እንኳ አላመሰገንኩም፤ ለማመስገን መታመሜን መናገር ነበረብኝ።

አሁን ወደ መስቀል ልምጣ። በእኛ አገር መስቀል ሰው ወደ ቤቱ የሚገባበት በዓል ነው። ከአዲስ አበባም ከሐዋሳም የወጣ ሁሉ ይመለሳል፤ መናኸሪያው ያን ሰሞን ሻንጣና እቅፍ ብቻ ነው። የሰፈር ወንዶች ዓመቱን ሙሉ አብረው እያዋጡ በሬ ይገዛሉ፤ ማኅበሩን ቱታ ይሉታል። የባለቤቴ ስም ከሰፈራችን ቱታ እንዳይፋቅ እስከ ዛሬ መዋጮውን እኔ እከፍላለሁ። ስለዚህ በየዓመቱ የእሱ ድርሻ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ እኔ ቤት ይመጣል። ድርሻው የአንድ ቤተሰብ ነው። ወንዶቹ ወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠውልኝ፣ «በሚቀጥለው ዓመት እሱ ራሱ ይቆርጠዋል» ብለው መርቀው ይሄዳሉ። እኔና ሥጋው እንተያያለን። የቻልኩትን ቋንጣ አደርገዋለሁ፤ ቋንጣዬ እስከ ጥምቀት ያደርሰኛል።

ዘንድሮ ከመስቀል በፊት ባለው እሑድ እንግዳ ሰባኪ መጥቶ፣ ከመቀበላችሁ በፊት አመስግኑ ብሎ ሰበከ። ያልመጣውን እንደመጣ አድርጎ ማመስገን፣ እምነት ማለት ይህ ነው አለ። ቃሉ ለእኔ የተላከ መሰለኝ። የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ሳላስበው ተነሥቼ ቆምኩና «ባለቤቴ ለመስቀል ይገባል፣ ጌታ ይመስገን» አልኩ። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። በእምነት ነው የተናገርኩት ብዬ ልጨምር አስቤ ነበር፤ እልልታው ቀደመኝ። ያም ሆኖ ማረም እችል ነበር። ስንወጣ የሰፈሬ ሴት አቅፋኝ «መቼ ነው የሚገባው?» ስትለኝ ግን «በዋዜማው» አልኳት። እምነቱ እዚያ ላይ አለቀ፤ ከዚያ በኋላ ያለው ውሸት ነው።

ያን ሳምንት ሰው ቤቴን አጥለቀለቀው። ወተት ያመጣ አለ፣ ቅቤ ያመጣ አለ፤ አንዷ ቡላ ይዛ መጥታ «የመስቀሉን ምግብ፣ አተካናውን እኔ እሠራለታለሁ፣ አንቺ የከምባታ ልጅ ስለሆንሽ እንደኛ አያምርልሽም» ብላ ተፎካከረችኝ። ሦስት ሴቶች ሳሎን ገብተው ሳይጠይቁኝ የሶፋውን ፕላስቲክ ገፈፉት፣ ከዚያም ተቀምጠውበት ተሳሳቁ። በአምስቱም ክፍል ድምፅ ነበር። እኔ ደግሞ ደስ አለኝ። ምን እንደሠራሁ እያወቅሁ ደስ አለኝ፤ እንዲያውም ሊመጣ ነው ብዬ ማመን ጀመርኩ። አንዴ ብቻ ብርድ ብርድ አለኝ፤ አማ በምርኩዛቸው እየተደገፉ መጥተው ቤቱን ካዩ በኋላ በዝግታ «ድምፁን ሰምተሻል?» አሉኝ። «ሰምቻለሁ፣ አማ» አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወጡ።

ዋዜማው አለፈ። ጎረቤቶቼ ሌሊት ገብቶ ይሆናል ብለው ገመቱ። በበዓሉ ጠዋት የብረት በሬ ተንኳኳ። ስከፍት የቱታው ወንዶች ናቸው፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ፣ ቢላዋቸውን ስለው በኮባ ሸፍነው ይዘዋል። ሰብሳቢያቸው ጡረታ የወጡ ጤና ረዳት ናቸው። «ቲቸር፣ እንኳን ደስ ያለሽ። እንግዳችንን ቀስቅሺልን፤ በሬው ታስሮ እየጠበቀው ነው። አሥራ ሁለት ዓመት የቀረ ሰው ሳይመርቅ አናርድም» አሉኝ።

«በረራው ተሰርዞበት ነው» አልኩ። እንዴት እንደመጣልኝ አላውቅም፤ ቀለል ብሎ ነው የወጣው። «ነገ ይገባል።»

ወንዶቹ ተያዩ። በሀዲይኛ ጥቂት ተነጋገሩ፤ ሰማኋቸው። ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረው «መልካም፤ እንግዲያው በሬው ነገ ይታረዳል» አሉ።

እየቀለዱ መሰለኝ። እየቀለዱ አልነበረም። ከኋላቸው በየበሩ የቆሙ ሴቶች ይታዩኛል፤ ድስት ጥደዋል፣ ቆጮ ጋግረዋል፣ ከሩቅ የመጡ ልጆቻቸው ክትፎ ይጠብቃሉ። ሃያ ቤት የመስቀልን ቀን ያለ ሥጋ ሊውል ነው፣ ለእኔ ባል ክብር ሲባል። በነጋታው ደግሞ ምን ልላቸው ነው? ሌላ በረራ ልሰርዝ? ሰብሳቢው መንገድ ከጀመሩ በኋላ «ጋሼ» ብዬ ጠራኋቸው።

«አትጠብቁት፤ እረዱ። አይመጣም።»

«ነገ አላልሽም እንዴ?»

«ዋሽቼ ነው። በረራም የለም። እመጣለሁ ብሎ አልነገረኝም፤ ከገና ወዲህ ደውሎልኝም አያውቅ።»

ማንም አልተቆጣኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ሰብሳቢው መሬት መሬት እያዩ «እሺ ቲቸር» ብለው ሄዱ። በሬው ታረደ። ከሰዓት በፊት ድርሻዬ መጣ፤ ያመጣው ሰው በሩ ላይ አስቀምጦልኝ ተመለሰ። በሚቀጥለው ዓመት እሱ ይቆርጠዋል የሚል ምርቃት አልነበረውም። ያን ቀን ማንም እኔ ቤት አልመጣም። ከየግቢው የበዓል ጨዋታ ይሰማል፣ የተገፈፈው ሶፋ ሳሎን ውስጥ ያብረቀርቃል። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

ደወልኩለት። ሦስት ጊዜ ጠርቶ ተነሣ።

«እንኳን አደረሰህ» አልኩት።

«እንኳን አብሮ አደረሰን» አለኝ። ከጀርባው የሱቁ ጫጫታ ይሰማል።

«ትመጣለህ ወይ?» አልኩት። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። ዳቦ የሚገዛ የመጣ መስሎኝ ጠበቅሁት፤ ማንም አልመጣም ነበር።

«እዚህ ሁለት ልጆች አሉኝ» አለ። በዚያው በአማርኛችን፣ ቃል መርጦ፣ ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። «ልነግርሽ እያልኩ… አቃተኝ።»

የለመደ አፌ «ደህና ናቸው?» አለ።

«ደህና ናቸው፣ ተመስገን።»

«ተመስገን» አልኩ እኔም። ስልኩን ዘጋሁና ወጥ ቤት ገብቼ ሥጋውን መዘልዘል ጀመርኩ። ግማሽ ያህሉን ከዘለዘልኩ በኋላ ነው ቢላዋውን ያስቀመጥኩት። አላለቀስኩም። ተናድጄ ነበር፤ በእሱም፣ በራሴም፣ ድፍረት ይሁንብኝና፣ በእግዚአብሔርም ተናድጄ ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት ያመሰገንኩህ ለዚህ ነው ወይ አልኩት። የሚቀጥሉትን ቀናት ወደ ትምህርት ቤት ስሄድ ምንም ነገር ሳልጠራ፣ እግሬን እያየሁ ሄድኩ።

ረቡዕ ሲደርስ ተራው እኔ ቤት ነበር። ጸሎቱ ከቤት ቤት ይዞራል፤ ወሩ ሲጀምር የወጣ ተራ አይሰረዝም። እንደማይመጡ እርግጠኛ ነበርኩ። የሰፈሩን ሰው መስቀል ሊያበላሽ የነበረ ውሸታም ቤት ማን ይመጣል? ሆኖም ሳሎኑን ጠርጌ ጠበቅሁ። መጀመሪያ አማ መጡ፤ ቀጥሎ ሌሎቹ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ዘጠኙም መጡ። ስለ መስቀሉ ማንም አላነሣም። ዘመርን። ሶፋው ላይ ዳር ዳር ተቀምጠው ምስጋናቸውን ተናገሩ፤ አንዷ ላሟ ስለወለደች፣ አንዷ ልጇ ከሙዱላ በሰላም ስለገባ። ተራው እኔ ዘንድ ደረሰ። ሁሉም የእኔን የተዘጋጀ ምስጋና ለመስማት አንገታቸውን ደፉ።

«ዛሬ የለኝም» አልኩ።

አንዷ ቀና አለች። እኔ ደግሞ አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ። «ባሌ አይመጣም። ጠየቅሁት፣ ነገረኝ፤ እዚያ ልጆች ወልዷል። ስለ ዋሸኋችሁ ይቅር በሉኝ። ሰኔ ላይ ታይፎይድ ይዞኝ ሦስት ቀን ብቻዬን ተኝቼ ነበር። ማንም አልመጣም። ከእናንተ አንድ ሰው አልመጣም» አልኩ። ድምፄ ክፍል ውስጥ ስቆጣ እንደሚሆነው ሆነ። ይቅርታ ልጠይቅ ጀምሬ ወቀሳ ላይ ነው የጨረስኩት።

መልስ የሰጡኝ አማ ናቸው።

«ማን ነግሮን እንምጣ?» አሉ። አልተቆጡም፤ የእውነት እየጠየቁኝ ነበር። «አሥራ ሁለት ዓመት ደህና ነኝ፣ ተመስገን ስትይን ኖርሽ። ደህና ሰው ቤት ምን ልንሠራ እንመጣለን? እኛም የታመመውን፣ ያዘነውን ስንዞር ነው የምንውለው። አንቺን በጌታ እጅ ትተን ሄድን።»

ከሁላችን ታናሽ የሆነችው፣ ባሏ የሚጠጣባት፣ ከበሩ አጠገብ ሆና «እኔማ የራሴን ችግር አንቺ ፊት ማንሣት አፍር ነበር። አንቺ እንዲያ እያመሰገንሽ እኔ ማማረር… እምነት የለሽ የምትይኝ ይመስለኝ ነበር» አለች። ይህ ከባለቤቴ መልስ ይልቅ አመመኝ። የገዛ ምስጋናዬን እንደ አጥር አጥሬ ውስጡ ተቀምጬ፣ ሰው አይመጣልኝም እያልኩ ስጠብቅ ኖሬያለሁ። አጥሩ ደግሞ ያምር ነበር፤ ሁሉም ከውጭ ሆኖ ያደንቀው ነበር። ያኔ ነው እንባዬ የመጣው። ስለ እሱ ያልመጣው እንባ በዚህች ልጅ ቃል መጣ፣ ሲመጣም እንደ ሕፃን በድምፅ ነበር።

ማንም ዝም በይ አላለኝም። ጥቂት ቆይተው አማ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ አንዴ መቱና «ሕጉ ሕግ ነው። ምስጋና ሳይነገር ልመና አይነገርም። እሷ ዛሬ የላትም፤ እኛ ስለ እሷ እናመስግን፣ ከዚያ ትለምናለች» አሉ።

ሴቶቹ መጀመሪያ አፈሩ። ከዚያ አንዷ «ልጄ ፊደል የማይገባት ነበረች። ይህቺ እህቴ ከክፍል በኋላ እያስቀረች ማንበብ አስተማረችልኝ። እሷን ስለ ሰጠኸን አመሰግንሃለሁ» አለች። ሌላዋ «እናቴ ያረፈች ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ ሦስት ቀን ዕቃ ያጠበችው እሷ ናት» አለች፤ እኔ ረስቼዋለሁ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ታናሻችን የምትለው አጥታ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች፤ ሶፋው ላይ ቦታ ስላልነበረ ትከሻዋ ትከሻዬን ተጭኖ ቀረ።

የመጨረሻው ተራ የአማ ነበር። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲጸልዩ አይቸኩሉም፤ አንድን ነገር መናገር እስኪያስፈልግ ድረስ ይጠብቃሉ። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው፣ እኔም ሌሎቹም እንድንሰማው ብለው፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህቺ ልጅ አሥራ ሁለት ዓመት እኛ ፊት አላለቀሰችም። ዛሬ አለቀሰች። ተመስገን» አሉ።

ሴቶቹ አሜን አሉ። እኔ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ስለነበር አሜን ለማለት ጥቂት ቆየሁ፤ እነሱም ጠበቁኝ።